«ኡታማ»፦ «ምንም አይከሰትበትም» በሚባለው ፊልም ውስጥ ምን እየተከሰተ ነው?

አንድ አዛውንት በማለዳ ከቤታቸው ወጥተው ወደምትወጣው ፀሐይ ይራመዳሉ። ጀርባቸውን ብቻ እናያለን። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ዛፍ የለም። ይራመዳሉ፣ ይራመዳሉ፤ ካሜራው አይቸኩልም። አብሮኝ ያየው ጓደኛዬ ታግሦ ታግሦ «መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። እሱ ይህን ሲጠይቅ የመንደሩ ውኃ ነጥፏል፤ ሰውየውም የጤናቸውን ነገር ከሚስታቸው ደብቀዋል። ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል ማለት ነው፤ ጅማሬው ግን ድምፅ አልነበረውም።

የጓደኛዬን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። ሌላም ተከታይ አለው፦ «ለምን ዝም ብለው ወደ ከተማ አይሄዱም?» ሁለቱም ጥያቄዎች የሚነሡት ፊልሙ አንዳንድ ነገሮችን ሳያብራራ ስለሚያልፍ ነው። የዚያ አገር ሰው ሳይነገረው ያውቃቸዋል፤ እኛ አናውቃቸውም። እነዚያን ነገሮች አንድ በአንድ ልንካቸው። የፊልሙን መጨረሻ አልናገርም።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

«ኡታማ» ከኡሩጓይ ጋር በመተባበር የተሠራ የቦሊቪያ ፊልም ሲሆን ለተመልካች የቀረበው በ2022 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ አሌሃንድሮ ሎአይሳ ግሪሲ ከፎቶግራፍ ሙያ የመጣ ሰው ነው፤ ይህም የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልሙ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው የሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ከሌሎች አገሮች ከመጡ ልብ ወለድ ፊልሞች መካከል ታላቁን የዳኞች ሽልማት አገኘ። ቦሊቪያም ለኦስካር ውድድር የላከችው እሱኑ ነው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም።

ታሪኩ በሁለት መስመር ያልቃል። ቪርሂኒዮና ሲሳ የተባሉ የኬችዋ ባልና ሚስት በቦሊቪያ ደጋ ሜዳ ላይ ላማ እያረቡ ይኖራሉ፤ ቪርሂኒዮ መንጋውን ያሰማራሉ፣ ሲሳ ውኃ ይቀዳሉ። ዝናብ ቀርቷል፣ የመንደሩ ውኃ ደርቋል፣ ጎረቤት አንድ በአንድ እየለቀቀ ነው። ቪርሂኒዮ ታመዋል፤ ይህን ማንም እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም። በዚህ መሐል ክሌቨር የተባለ የልጅ ልጃቸው ከከተማ ይመጣል፣ አብረውት እንዲሄዱም ይለምናቸዋል። አያቱ የልጁን መምጣት በጥርጣሬ ነው የሚያዩት፤ ከጀርባው ልጃቸው፣ ማለትም የክሌቨር አባት፣ ያለ ይመስላቸዋል። ከአባትዬው ጋር የቆየ ቅያሜ አላቸው።

የሁለቱን አዛውንት ቦታ ይዘው የተጫወቱት ሆሴ ካልሲና እና ሉዊሳ ኪስፔ ናቸው። በእውነተኛ ሕይወታቸውም ባልና ሚስት ናቸው፤ ትወና ሙያቸው አልነበረም፣ የዚያው ደጋ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንዳቸው ለሌላው ምግብ ሲያቀርቡ፣ አጠገብ ለአጠገብ ዝም ብለው ሲቀመጡ የምናየው ነገር በልምምድ የመጣ አይደለም። ብዙ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ሰሐን የሚያቀብልበት መንገድ አለ፤ ሰሐኑን ሳያይ ነው የሚያቀብለው።

ቦታው የት ነው?

ከደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳር የአንዲስ ተራሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግተዋል። ቦሊቪያ ላይ ሲደርሱ ሰንሰለቱ ለሁለት ይከፈልና በመሐሉ ሰፊ ከፍ ያለ ሜዳ ይተዋል። ይህ ሜዳ አልቲፕላኖ ይባላል፤ በስፓኒሽ ከፍተኛ ሜዳ ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ አለው፤ ከአዲስ አበባ በ1,300 ሜትር ያህል ይበልጣል። የሰሜን ተራሮችን ውርጭ የሚያውቅ ሰው የዚያን ሜዳ ሌሊት መገመት ይችላል። ቀን ፀሐይ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ውኃ ይረጋል።

ፊልሙ የተቀረጸው በሜዳው ደቡባዊ ክፍል፣ በፖቶሲ ክፍለ ግዛት፣ ሳንቲያጎ ዴ ቹቪካ በምትባል መንደር ነው። አቅራቢያዋ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው የኡዩኒ የጨው ሜዳ አለ፤ በዓለም ከእሱ የሚሰፋ የለም። በዚህ አካባቢ ደህና በሚባል ዓመት እንኳ የሚጥለው ዝናብ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ እሱም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ተጠቃልሎ ያልቃል። ይህ ቁጥር መያዝ አለበት። ሰዎቹ ከድሮም የኖሩት በጠባብ ገመድ ላይ ነው፤ ገመዱ ትንሽ ሲሳሳ ወዲያው ይሰማቸዋል።

ላማ ለእነሱ ምናቸው ነው?

ላማ የግመል ዘመድ ነው፤ ሻኛ የለውም፣ ቁመቱም ያነሰ ነው። የአንዲስ ሰዎች ካላመዱት ስድስት ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ለእኛ የሚገርመው ነገር ላማን አያልቡትም። በእኛ አገር ግመልም ላምም ከሁሉ በፊት የወተት እንስሳት ናቸው፤ በአንዲስ ግን ማለብ የሚባል ባህል አልነበረም። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ጸጉሩ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ሥጋው ቋንጣ ይሆናል፤ «ቻርኪ» ይሉታል፣ ቃሉ ከኬችዋ ተነሥቶ ወደ ብዙ የዓለም ቋንቋዎች ገብቷል። ሃያ አምስት ሠላሳ ኪሎ ይሸከማል። በላማ ቅፍለት ጨው ጭነው ወደ ቆላው ወርደው በቆሎ ይዘው ይመለሱ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ኩበቱ። ዛፍ በሌለበት አገር ምግብ የሚበስለው በኩበትና በቁጥቋጦ ነው፤ ድንች የሚያድገውም በዚያው ፍግ ነው። ላማዎች ደግሞ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ የመጣል ልማድ ስላላቸው መሰብሰቡ አያስቸግርም። መንጋው ሲያልቅ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ማገዶውም የእርሻው ማዳበሪያም አብሮ ይሄዳል።

በፊልሙ ውስጥ የላማዎቹ ጆሮ ላይ ደማቅ የሱፍ ክር ተንጠልጥሎ ይታያል። ብዙ ሰው ለካሜራ ውበት የተደረገ ይመስለዋል። በዓመት አንድ ጊዜ መንጋው ተሰብስቦ በጸሎትና በዘፈን ጆሮው ላይ ባለ ቀለም ሱፍ ይታሰርለታል፤ የማን እንደሆነ መለያ ነው፣ እንዲበረክት መመረቂያም ነው።

ኬችዋ ማን ናቸው?

ኬችዋ የሚለው ስም በመጀመሪያ የቋንቋ ስም ነው፤ ይልቁንም እርስ በርስ የሚቀራረቡ የብዙ ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው። ተናጋሪዎቹ ከስምንት እስከ አሥር ሚሊዮን ይገመታሉ። አብዛኞቹ በፔሩ፣ በቦሊቪያና በኢኳዶር ይኖራሉ። የኢንካ መንግሥት ግዛቱን ያስተዳደረበት ቋንቋ ነበር፤ ስፔኖች በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መንግሥቱን ሲያፈርሱ ቋንቋው ግን ቆየ። ሰዎቹ ራሳቸው «ሩና ሲሚ» ይሉታል፤ የሰው አፍ፣ የሰው ንግግር ማለት ነው። ፔሩ በ1975 የመንግሥት ቋንቋ አደረገችው፤ ቦሊቪያ ደግሞ በ2009 ሕገ መንግሥቷ ኬችዋን ጨምሮ 36 የነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ከስፓኒሽ እኩል አስቀመጠች።

በወረቀት ላይ እኩል መሆን ሌላ ነገር ነው፤ ከተማ የተወለደ ልጅ በየትኛው ቋንቋ ሥራ ይፈልጋል የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወላጆች ልጃቸው በትምህርት ቤት እንዳይሳቅበት ብለው በስፓኒሽ ብቻ ያናግሩታል፤ በአንድ ትውልድ ውስጥ ቋንቋው ከቤት ይወጣል። ክሌቨር የዚህ ትውልድ ልጅ ነው። አያቱ በኬችዋ ሲናገሩት አይገባውም፤ አያቱም አንዳንዴ ይህን እያወቁ ነው የሚናገሩት።

ፊልሙ በኬችዋ እና በስፓኒሽ የሚነገር ቢሆንም ርዕሱ የተወሰደው ከጎረቤቱ ከአይማራ ቋንቋ ነው። «ኡታ» ቤት ማለት ነው። ለውጭ ተመልካች «ቤታችን» ተብሎ ተተርጉሟል። ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ።

ዝናቡ የት ሄደ?

የአልቲፕላኖ ዝናብ የሚመጣው ከምሥራቅ፣ ከአማዞን ደን በኩል ነው። እርጥበቱ ተራራውን ተሻግሮ በሜዳው ላይ ይወርዳል። ከምዕራብ ደግሞ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። ሁለቱ አንድ በር ላይ የሚገፋፉ ሰዎች አድርጋችሁ አስቧቸው፦ ምሥራቁ ሲበረታ በሩ ይከፈትና ዝናብ ይገባል፤ ምዕራቡ ሲበረታ ይዘጋል።

ኤል ኒኞ የሚባለው ነገር ምዕራቡን ያበረታል። በየጥቂት ዓመቱ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ላይ ያለው የባሕር ወለል ውኃ ከወትሮው በላይ ይሞቃል፤ ሙቀቱ የነፋሶችን አካሄድ በመላው ዓለም ያናውጣል። ለደቡባዊው አልቲፕላኖ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ድርቅ ማለት ነው። ለእኛም እንዲሁ። በ2015 የኢትዮጵያን ክረምት ያስቀረውና ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ያደረገው ኤል ኒኞ ቦሊቪያንም በዚያው ዓመት መታ። በታኅሣሥ 2015 ከቲቲካካ ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ ትልቅ የነበረው የፖኦፖ ሐይቅ ደርቋል ተባለ። በዳርቻው ዓሣ እያጠመዱ የኖሩ የኡሩ ሰዎች ጀልባዎቻቸው በደረቅ ጭቃ ላይ ቀሩ። ባሌና ወሎ ያለ ገበሬ ወይም አርብቶ አደር ስለ ቦሊቪያ ላይሰማ ይችላል፤ በዚያ ዓመት ግን የሁለቱን አገር ሰማይ የያዘው አንድ እጅ ነበር።

ነገር ግን ሁሉንም ነገር በኤል ኒኞ ማሳበብ ስሕተት ነው። እሱ ከጥንት ጀምሮ ይመጣል፣ ይሄዳል። አዲሱ ነገር ከሥሩ ያለው ሙቀት ነው። አየሩ ሲሞቅ የዘነበው ውኃ ቶሎ ይተናል፣ የተራራ በረዶም ይቀልጣል። ላ ፓዝ ከተማ አጠገብ የነበረው የቻካልታያ የበረዶ ግግር በአንድ ወቅት በዓለም ከፍተኛው የበረዶ ሸርተቴ መጫወቻ ነበር፤ በ2009 ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ለፖኦፖም መድረቅ ሰው የራሱ ድርሻ አለው። ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ለመስኖ ተጠልፏል፤ የማዕድን ማውጫዎች ዝቃጭም አልጋውን ሞልቶታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ የማይነገረው የኪኗ ጉዳይ ነው፤ ፊልሙም አያነሳውም። ኪኗ በዚያው በጨው ሜዳው ዙሪያ የሚበቅል ጥንታዊ እህል ነው። አውሮፓና አሜሪካ ጤናማ ምግብ ነው ብለው ሲሻሙበት ዋጋው ናረ። የተባበሩት መንግሥታት 2013ን የኪኗ ዓመት ብሎ ሰየመው። ወደ ከተማ ከሄደው ሰው ብዙው ትራክተር ይዞ ተመለሰ፤ የላማ ግጦሽ የነበረው ሜዳ ታረሰ፤ ነፋስ የሚከላከለው ቁጥቋጦ ተነቀለ። ላማ ሲቀንስ ፍግ ቀነሰ፤ ፍግ ሲቀንስ አፈሩ ተራቆተ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ሌሎች አገሮች ኪኗ ማምረት ጀመሩና ዋጋው ወደቀ። ባለ ትራክተሮቹ ተመልሰው ሄዱ፤ የተራቆተው መሬት ቀረ። «ባህልን ያጠፋው ዘመናዊነት ነው» የሚለውን አባባል የማልወደው ለዚህ ነው። እዚህ መሬቱን የጎዳው የዚያው አገር ጥንታዊ እህል፣ በዚያው አገር ልጆች እጅ የተዘራ ነው።

በተራራው ላይ ላማ የሚያርዱት ለምንድን ነው?

በፊልሙ ውስጥ የመንደሩ ሰዎች ተራራ ወጥተው ዝናብ እንዲመጣ ላማ ይሠዋሉ። ይህን ትዕይንት አይቶ «ኋላ ቀር እምነት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ያን ያለ ሰው ግን ቀሪውን ፊልም ሁሉ ሳይረዳው ይወጣል።

አንዲስ ውስጥ «አይኒ» የሚባል ነገር አለ። ትርጓሜ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ወንፈል ነው። ዛሬ እኔ በአንተ እርሻ ላይ እውላለሁ፣ ነገ አንተ በእኔ ላይ ትውላለህ፤ ቀን በቀን፣ ጉልበት በጉልበት። «ሚንካ» የሚባልም አላቸው፤ አብልቶ አጠጥቶ ሰው ማሠራት ነው፣ የእኛው ደቦ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም። ልዩነቱ የሚመጣው አይኒ በሰውና በሰው መካከል ብቻ አለመቆሙ ላይ ነው። ከእንስሳው ጋርም አይኒ አለ፤ ከምድር ጋርም፣ ከተራራው ጋርም። ምድሪቱ ፓቻማማ ትባላለች፤ «ፓቻ» በኬችዋ ዓለምም ነው፣ ዘመንም ነው። ሰው ከመጠጣቱ በፊት ከጽዋው ጥቂት መሬት ላይ ያፈሳል፤ እሷ ቀድማ ትቅመስ ነው። ተራሮቹ ደግሞ እንደ ታላላቅ አባቶች ይቆጠራሉ፤ ውኃ ከእነሱ ይወርዳል።

ስለዚህ ተራራው ላይ የሚፈሰው ደም ተአምር መጥሪያ አይደለም። የወንፈል ቀን መክፈል ነው። እኛ የድርሻችንን ሠርተናል፤ ተራው የአንተ ነው እንደ ማለት። አሁን የቪርሂኒዮን ፊት ተመልከቱ። የሜቲዎሮሎጂ ባለሙያ ዝናብ ሲቀር ነፋስና የባሕር ሙቀት ያያል። ቪርሂኒዮ የሚያዩት ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንፈል የተጋገዙት ሰው በቀጠሮው ቀን አለመምጣቱን ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲቀር መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ምን አስቀየምኩት?» የሚል ነው። ለዚህ ነው ሽማግሌው ከመናደድ ይልቅ የሚያፍሩ የሚመስሉት።

ለምን ዝም ብለው ወደ ከተማ አይሄዱም?

ብዙዎች ሄደዋል። ከላ ፓዝ በላይ 4,100 ሜትር አካባቢ ላይ የተቆረቆረችው ኤል አልቶ የእነዚህ ሰዎች ከተማ ናት። በ1980ዎቹ ድርቅ ከገጠር፣ የማዕድን ማውጫዎች መዘጋት ከማዕድን መንደሮች ያፈናቀላቸው ሰዎች ሰፈሩባት፤ በ2012 ቆጠራ ነዋሪዎቿ ከ800 ሺህ በላይ ነበሩ። መሄድም ሁልጊዜ መለየት አይደለም። ከተማ እየኖሩ ለዘርና ለበዓል የሚመለሱ፣ በመንደሩ «ሬሲደንቴ» የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ ነዋሪ ማለት ነው፣ የከተማ ነዋሪ። እግራቸው ሁለት ቦታ ነው። ይህ ግን መመላለስ ለሚችል ጉልበት ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው የሚሄደው አንድ ጊዜ ነው።

ክሌቨር ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሐሳቡም ትክክል ነው። ከተማ ሐኪም አለ፣ ቧንቧ አለ። የሚስተው አንድ ነገር አያቱ እዚያ ሲደርሱ ምን እንደሚሆኑ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በአንዲስ የሚኖሩ ገበሬዎች ሰኔ መጨረሻ አካባቢ ሌሊት ተነሥተው ሰባቱ ከዋክብት የሚባለውን የከዋክብት ዘለላ ያያሉ። ጎልተው ከታዩ ዝናቡ ደህና ይሆናል፤ ከደበዘዙ ዝናቡ ይዘገያል፣ ስለዚህ ድንቹን ዘግይተው ይተክላሉ። ለረጅም ጊዜ ይህ እንደ ተረት ይቆጠር ነበር። በ2000 የታተመ አንድ ሳይንሳዊ ጥናት ግን ገበሬዎቹ ትክክል እንደሆኑ አሳየ። ኤል ኒኞ ሊመጣ ሲል በከፍተኛው ሰማይ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ደመና ይበዛል፤ ከዋክብቱን የሚያደበዝዘው እሱ ነው። ዝናቡ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ ገበሬው ግን የወራት ቀደም ማስጠንቀቂያ ሰማይ ላይ አንብቧል።

ውርጩንም እንዲሁ ይጠቀሙበታል። ድንቹን ሌሊት ሜዳ ላይ ዘርግተው ያስመቱታል፣ ቀን በእግራቸው ረግጠው ውኃውን ያወጡታል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። «ቹኞ» የሚባለው ይህ ድንች ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ለሌላው ሰው መከራ የሆነው ብርድ ለእነሱ ጎተራ ነው፤ በወቅቱ ከመጣ።

ቪርሂኒዮ የማይጽፉ የማያነቡ ሊመስሉን ይችላሉ። ሜዳው ላይ ግን ሊቅ ናቸው። የነፋሱን ጠረን፣ የሣሩን ቀለም፣ የላማውን አረማመድ ያነባሉ። ይህ እውቀት ከቦታው ጋር የተሰፋ ነው፤ ተቀዶ አይሄድም። ኤል አልቶ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጡ በአንድ ሌሊት ማይም ይሆናሉ። አውቶቡስ ለመሳፈር ልጅ ይመራቸዋል። ቦሊቪያ ከ2008 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ዜጎቿ ሁሉ ጡረታ ትከፍላለች፤ ትንሽ ናት፣ ጥሩ ነገር ናት፤ ለዚህ ግን መድኃኒት አትሆንም።

የፊልሙ ጭካኔ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ እውቀቱ ባለበት ቦታም እየከዳ ነው። ምልክቶቹ አሉ፣ ዝናቡ የለም። ሽማግሌው ከተማ ሄደው ማይም እንዳይሆኑ ፈርተው ሲቀሩ፣ መጽሐፋቸው እጃቸው ላይ እየተፋቀ ነው። ግትር ናቸው የሚላቸው ሰው ይህን ልብ አላለም።

በሲሳ በኩል ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ፊልሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያሳየዋል። «እንቆያለን» የሚሉት ባል ናቸው፤ የመቆየቱ ዋጋ ግን በየቀኑ የሚከፈለው በሲሳ ጀርባ ነው። የመንደሩ ውኃ ሲደርቅ ባልዲ ይዘው እስከ ወንዝ የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ባል ስለ ክብር ሲያስቡ ሚስት ስለ ውኃ ያስባሉ። ስማቸው በኬችዋ አበባ ማለት ነው።

ኮንዶሩ ምን ይሠራል?

ኮንዶር የአንዲስ ትልቁ አሞራ ነው፤ እንደ ጥንብ አንሳ በድን ይበላል፣ ክንፎቹ ሲዘረጉ ከሦስት ሜትር ሊያልፉ ይችላሉ። በፊልሙ ውስጥ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። ኮንዶር ኃይሉ እንደደከመ፣ ለማንም እንደማይጠቅም ሲሰማው ወደ ከፍታው ይወጣና ክንፉን አጥፎ ራሱን ወደ ዓለቱ ይለቃል። ይህን ታሪክ የሚናገሩት ቪርሂኒዮ፣ ሰሚው ክሌቨር ነው። ሕመማቸውን የደበቁ ሰው ይህን ለልጅ ልጃቸው ሲነግሩ ምን እያሉት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ታዲያ ለምን ያን ያህል ይዘገያል?

ፊልም የሚዘገየው ወይ ሠሪው ሥራውን ስላልቻለ ነው፣ ወይ ጊዜን ራሱን ማሳየት ስለፈለገ ነው። ሁለቱን መለየት ይቻላል፦ ትዕይንቱ በግማሽ ቢቆረጥ ምን ይጎድላል ብሎ መጠየቅ ነው። እዚህ ሲሳ ውኃ ፍለጋ የሚሄዱበት መንገድ ቢቆረጥ መንገዱ አጭር ይሆናል። መንገዱ አጭር ከሆነ ደግሞ «ለምን አይቆዩም?» እንላለን። ርቀቱ በቃል አልተነገረንም፤ በእኛ ወንበር ላይ ነው የተለካው።

የዝምታውም ነገር እንዲሁ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ምንም ሳይናገር አንድ ሰዓት ተቀምጦ የወጣን ሰው «ምንም አላደረገም» አንለውም፤ መቀመጡ ነው የመጣበት ጉዳይ። እነዚህ ባልና ሚስት ከሃምሳ ዓመት በላይ የተነጋገሩ ሰዎች ናቸው ብለን ብናስብ የቀራቸው ቃል ጥቂት ነው። ካሜራዋን የያዘችው ኡሩጓያዊቷ ባርባራ አልቫሬዝ ሰዎቹን ብዙ ጊዜ ከሩቅ፣ በሰፊው ሜዳ ላይ እንደ ነጥብ ታሳየናለች። ከዚያ በድንገት ወደ ፊታቸው ትቀርባለች፤ የተሰነጣጠቀው መሬትና የቪርሂኒዮ ጉንጭ አንድ ዓይነት ሆነው እናገኛቸዋለን። ይህ ሁለተኛው ነገር ትንሽ የተደጋገመ ይመስለኛል፤ አንዴ በቂ ነበር። የፊልሙ ውበት አንዳንዴ ከድህነቱ በላይ ይጮኻል የሚሉ ተመልካቾችም ያለ ምክንያት አይደሉም። ሰማዩ ያን ያህል ባያምር ጥማቱ የበለጠ ይሰማን ነበር።

ትርጉም የማይሻገረው ነገር ይኖራል?

ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ጊዜ ነው። በኬችዋ «ኛውፓ» የሚለው ቃል ፊት ማለትም ነው፣ ድሮ ማለትም ነው። «ቄፓ» ኋላ ነው፤ ደግሞም ገና የሚመጣው ነው። ያለፈው ነገር ስለታየ ከፊት ለፊት ይቆማል፤ የሚመጣው ስላልታየ ከጀርባ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ እኛም «በፊት» ስንል ያለፈውን፣ «በኋላ» ስንል የሚመጣውን ነው። ብቻ እኛ «ወደፊት» የሚልም አለን፣ ስለዚህ በሁለት ቢላዋ እንበላለን። ቪርሂኒዮ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያላቸው። የልጅ ልጃቸው «ወደፊታችሁን አስቡ» ሲላቸው ዞራችሁ ከጀርባችሁ ያለውን ጨለማ ተመልከቱ እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው «እኛ» የሚለው ቃል ነው። ኬችዋ ሁለት «እኛ» አለው። «ኞቃንቺክ» ሲባል የሚሰማው ሰው አብሮ ተቆጥሯል፤ አንተም ከእኛ ጋር ነህ ማለት ነው። «ኞቃይኩ» ሲባል ሰሚው ከውጭ ነው፤ እኛ እንጂ አንተ አይደለህም። ተናጋሪው ሁልጊዜ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ማምለጫ የለውም። በስፓኒሽም በአማርኛም «ቤታችን» ሲባል ይህ ጥያቄ አይነሳም፤ ቃሉ ሁሉንም አቅፎ ያልፋል። አያት «ቤታችን» ሲሉ የልጅ ልጃቸውን ቆጥረውታል ወይስ አልቆጠሩትም? በኬችዋ መልሱ እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ። ክሌቨር ግን ኬችዋ አይሰማም።